ነገ ጠዋት ፉል እንብላ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ምክትል አሠልጣኝ ነኝ» እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ «ዋና የምትሆነው መቼ ነው?» ነው። ሰቆጣ ውስጥ ይህን ያልጠየቀኝ ቢኖር ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ነው። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ካለች ጥያቄውን ለእኔ አትተውልኝም። «እሱ እቤትም ምክትል ነው፤ ለምዶታል» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ወጡም ይቀርባል።

እውነቱን ለመናገር ዋና መሆን አምሮኝ አያውቅም። ዋናዎቹን አይቻቸዋለሁ። ከደብረ ማርቆስ መጥተዋል፣ ከደሴ መጥተዋል፣ ከጎንደር መጥተዋል። ሲመጡ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ «ይህ ቡድን ዘንድሮ ይለወጣል» ይላሉ። ሲሄዱ ማር ገዝተው ይሄዳሉ። ማሩን እየመረጥሁላቸው የምሸኛቸው እኔ ነኝ፤ እንዳይታለሉ።

አንድ ቀን ልጆቹ በስልክ የአሜሪካኖችን ኳስ አሳዩኝ። ኳስ ይሉታል እንጂ በእጅ ታቅፈውት የሚሮጡት፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸውን በጠንካራ ቆብ ሸፍነው እንደ ወይፈን ይላተማሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሜዳው ዳር ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። «እነዚህ ሁሉ ምክትሎች ናቸው፣ ጋሼ» አለኝ አንዱ። «ለሚወረውረው አንድ፣ ለሚቀልበው አንድ፣ ለሚገፋው አንድ አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምክትል ሆነው ጡረታ የሚወጡም አሉ።» ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ለካ በባሕር ማዶ እንደኔ ያለ ሰው ሞልቷል። ልዩነታችን እኔ ለሚወረውረውም፣ ለሚቀልበውም፣ ለሚገፋውም አንድ መሆኔ ነው። ኳስ የምነፋው እኔ፣ የውሃ ጠርሙስ አሸዋ ሞልቼ ለልምምድ ምልክት የምደረድር እኔ፣ በረኛ የማሠለጥን እኔ፣ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት የማሸው እኔ። ከሁሉ በፊት ግን አስተርጓሚ ነኝ። ምክትል የሆንሁትም በዚሁ ነው።

ያኔ የስፖርት መምህር ነበርሁ። ቡድኑ ሲጫወት እንደማንኛውም ሰው ዳር ቆሜ አያለሁ። አሠልጣኙ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ቁጡ ሰው ነበር። ከወደ ጽጽቃ የመጣ አንድ ተከላካይ ነበረው። ልጁ ኳስ ላይ ብርቱ ነው፤ አማርኛው ግን የገበያ አማርኛ ነው፤ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «እሺ»፣ በቃ። ቤቱ የሚናገረው እንደ እኔው ኽምጥኛ ነው። ኳሱ ወደ ፊት ሲሄድ አሠልጣኙ «ውጣ! ውጣ!» ብሎ ጮኸበት። ከኋላ አትቅር፣ ወደ መሐል ተጠጋ ማለቱ ነው፤ ኳስ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጁ ግን ቆሞ አየው። «ውጣ እኮ ነው የምልህ!» ሲለው ማሊያውን አወለቀ፤ በሥርዓቱ አጠፈና ከመሥመሩ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ ወጣ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። በጎደሎ ስንጫወት ወዲያው ጎል ገባብን። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ልጁ አንጀቴን በላው። ምን አጠፋሁ ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ ውጣ ስለተባለ ወጣ። ሮጬ ደረስሁበትና በኽምጥኛ ነገርሁት። ፊቱ በራ። ዳኛው ፈቀደለት፣ ማሊያውን ለብሶ ተመለሰ። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ ጠራኝና «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ከጎኔ አትጥፋ» አለኝ። ይኸው አልጠፋሁም፤ የጠፉት እነሱ ናቸው።

ማስተርጎሙ ቀላል ነው። የከበደኝ ከእሱ ተከትሎ የመጣው ሥራ ነው።

በየዓመቱ ልምምድ ሲጀመር ብዙ ልጅ ይመጣል፤ ከዚያ ቡድኑ ይጠብና የሚቀነስ ይቀነሳል። ያ የደብረ ማርቆሱ ሰው የሚቀሩትን ልጆች ስም ልምምድ ሲያበቃ፣ ማታ፣ ሜዳው መሐል ቆሞ ጠራ። «ስሙ ያልተጠራ ነገ እንዳይለፋ» ብሎ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። ስማቸው ካልተጠራው አንዱ ከከተማ ውጭ ነበር የሚኖረው፤ በዚያው ጨለማ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ እናቱ ሜዳ ድረስ መጣች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አገልድማለች። አሠልጣኙን አልፋ እኔን አየችኝና በኽምጥኛ «ልጄን በማታ አረዳችሁት» አለችኝ። «እህል በአፉ ሳይገባ፣ አይዞህ የሚለው ሰው ሳይኖር፣ በመሸ! እናንተ ቤት መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው?»

ለአሠልጣኙ ተረጎምሁለት። «ማን ሞተና ነው መርዶ የምትለው?» አለ። ይህንንም ለእሷ ተረጎምሁላት። «ለናንተ ማንም አልሞተም። የኔ ልጅ ግን ሲያለቅስ ነው ያደረው» አለችና ተመልሳ ሄደች። ይህን አልተረጎምሁም፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። አሠልጣኙ «እንግዲያው ከእንግዲህ አንተው በሀገራችሁ ወግ ንገራቸው» አለኝና እጁን ታጠበ። ከዚያ በኋላ የመጡትም ዋናዎች ይህቺን ወግ በደስታ ተቀብለዋታል።

በእኛ ዘንድ መርዶ በመሸ አይነገርም። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ሰውዬው ግን ራቱን በልቶ ይተኛ ይባላል። ሲነጋጋ የሚያጽናኑት ሰዎች ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ነገሩ የሚነገረው ከዚያ ነው። ለኳስ ጎረቤት መሰብሰብ አይቻልም፤ ጠዋቱንና እህሉን ግን አላጣም አልሁ። ስለዚህ የሚሰናበተውን ልጅ በዋዜማው «ነገ ጠዋት ፉል እንብላ» እለዋለሁ።

ፉል ቤቱ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ነው። ባለቤቷ ከወልድያ መጥታ እዚሁ የቀረች ሴት ናት፤ ትልቅም ትንሹም «እትዬ» ይላታል። ጥግ ላይ ያለውን ጠረጴዛ ትይዝልኛለች። እዚያ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ግድግዳው ስለሆነ ቢያለቅስ አይታይም። ልጁ ይበላል፣ እኔ ሻይ ይዤ እጠብቃለሁ። ለእኔም ሳህን ይቀርባል፤ ግን አልነካውም፤ ሰው እያረዱ መብላት አይሆንልኝም። የመጨረሻዋን ዳቦ ጠርጎ ሲጎርስ እነግረዋለሁ። እትዬ ነገሩን ስላወቀችው ውሃ ይዛ ትመጣና ጀርባውን መታ መታ አድርጋ «አይዞህ ልጀ፣ ኑሮ ኳስ ብቻ አይደለም» ትላለች። ይህን ሳትል የቀረችበት ጊዜ የለም።

ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብዙም ሳይቆይ «ፉል በላ» የሚለው ቃል በልጆቹ ዘንድ ትርጉሙን ለወጠ። «እንትና የት አለ?» ሲባል «ፉል በላ» ይላሉ፣ አለቀ። «ከፋውል ፉል ይከፋል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ፋውል ቢበዛ ካርድ ነው፤ ፉል ግን እስከ ወዲያኛው ነው። አንዳንዶቹማ በፉል ቤቱ ደጅ አያልፉም፣ ዞረው ነው የሚሄዱት። አንድ ጊዜ የደሴው አሠልጣኝ ጠዋት ራበኝ ሲለኝ እዚያው ይዤው ገባሁ። እሱ ሲበላ ልጆች በመስኮት አዩን። እኩለ ቀን ሳይሆን አሠልጣኙ ተባረረ የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ክረምት ሲገባ እውነትም ተነሣና ልጆቹ «ከስፖርት ቢሮው በፊት ፉሉ ያውቃል» አሉ።

አሁን ወደ በረኛው ልምጣ። ይህን ሁሉ ያወራሁት እሱን ለማውራት ነው።

ከአበርገሌ ነው የመጣው። ቀጭን፣ እጁ ጉልበቱ ሊደርስ ምንም ያልቀረው፣ ኳስ ሲያመልጠውም ሲይዝም የሚስቅ ልጅ ነው። ሁለተኛ በረኛ ነበር፣ ማለትም እሱም እንደኔ ምክትል። አንደኛው በረኛ የማይታመም፣ የማይጎዳ፣ ካርድ የማያይ፣ የእግዜር ግድግዳ ስለነበር የእኛ ልጅ ከዓመት ዓመት ከጎኔ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ኪሱ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፤ ጨዋታው ሲጨንቀኝ ሳልጠይቀው እጄ ላይ ይዘግንልኛል። ዋናው አሠልጣኝ የሚያስበው ለሚጫወቱት ነው፣ ትክክልም ነው። ወንበር ላይ የሚቀመጡት ግን የኔ ናቸው። ከእነሱም ይህን ልጅ አብልጬ እወደው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ታላቅ ወንድሙ ሳዑዲ ነው። በስልክ ድምፁን እየቀዳ «ና፣ ምን ትሠራለህ እዚያ፣ ደላላው ይቀበልሃል» ይለዋል። ልጁ ይህን አልደበቀኝም። አንድ ቀን ኳስ ስመታለት ውዬ ውሃ ስንጠጣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ከቀነሱኝ እሄዳለሁ። ለእናቴም ነግሬያታለሁ» አለኝ።

«ካልቀነሱህስ?» አልሁት።

«ካልቀነሱኝማ ከእርስዎ ጋር ቆሎ እበላለሁ። ፉል የበላሁ ዕለት ግን ከዚያው ወደ አውቶቡስ ነው» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ታናሽ ወንድሜ በዚያው መንገድ ሄዷል። በረሃውን ይሻገር፣ ባሕሩን ይሻገር አናውቅም። ደረሰ ያለን ሰው የለም፣ ሞተ ያለንም የለም። እናቴ መርዶ ስላልተነገራት አልቅሳ አልወጣላትም። በጠዋት በር ሲንኳኳ ከመኝታዋ ተነሥታ ነጠላዋን ታስተካክልና «ግቡ» ትላለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። የምትገባው እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ናት። ሰው መርዶም እንደሚናፍቅ ያወቅሁት እናቴን አይቼ ነው። ስለዚህ የበረኛው ነገር ለእኔ የኳስ ነገር አልነበረም። ያቺን «ፉል» የምትል ቃል ለእሱ እንዳልናገር በየቀኑ እጸልይ ነበር።

ያን ሰሞን ከሌላ ከተማ አንድ ትልቅ ክለብ ለወዳጅነት ጨዋታ መጣ። የጦርነቱ ክፉ ዘመን ካለፈ ወዲህ እንዲህ ያለ እንግዳ አይተን ስለማናውቅ ሜዳው ዳር እስከ ዳር በሰው ተከበበ። በመጀመሪያው ግማሽ ያ የእግዜር ግድግዳ ጣቱ ወለቀ። የእኛው ልጅ ቆሎውን እጄ ላይ ገለበጠና ተነሣ። «በቁልቁለቱ በኩል ኳሱ ይፈጥናል፣ ቀድመህ ውጣ» አልሁት፤ እንዳይሳሳትብኝ ደግሞ በኽምጥኛ ደገምሁለት። ሜዳችን ወደ አንድ ወገን ያዘቀዝቃል፤ እንግዳ ሁሉ በዚያ ነው የሚያገባብን። ልጁ ቀድሞ ወጣ። እንደገና ወጣ። ያ ረጅም እጁ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ኳሱ ላይ ይደርሳል፤ ከወደቀበት አፈር ለብሶ ይነሣና ይስቃል። በልቤ እልል አልሁ። የእንግዳው ክለብ አሠልጣኝ ሲወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ያ ልጅ የት ነበር?» አለኝ። «ከጎኔ ነበር» አልሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያው አሠልጣኝ ከሰዓት ላይ ደወለልኝ። ልጁን ፈልገውታል፤ መጥቶ ይፈርም፣ ማደሪያም ምግብም ተዘጋጅቶለታል። ዋናው አሠልጣኛችን አሁን የጎንደር ሰው ነው፤ ወጣት ነው፣ ልቡም ደግ ነው። «እኔ አልነግረውም፣ እርስዎ ነዎት ያሳደጉት፤ ይሂዱና ይንገሩት» አለኝ። ወደ ሜዳ የሄድሁት መሬት እየረገጥሁ አይመስለኝም።

ልምምዱ ሲያበቃ ጓንቱን እያወለቀ መጣ። ነገሩ አፌ ላይ ደርሷል። ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ክፉውን ነገር በጠዋት፣ በእህል፣ በክብር ስናገር ኖሬ፣ ደጉን ነገር አቧራ ላይ ቆሜ ብጥለው ነውር መሰለኝ። አድሮ ይነገረው፣ እህሉ ይቅደም፣ እንዲያውም ያቺ ጥግ አንድ ቀን ደስታ ትይ አልሁ። እናም በፈገግታ «ነገ ጠዋት ፉል እንብላ» አልሁት።

ልጁ አየኝ። «እሺ፣ ጋሼ» አለ። አልሳቀም። ደክሞት ነው ብዬ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ባለቤቴ ወጥ እያማሰለች ነበር። ፊቴን አይታ «ምን አገኘህ?» አለችኝ። ነገርኋት። እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ታዲያ ልጁ ምን አለ?»

«ገና አልነገርሁትም። ጠዋት ፉል እንብላ ብዬዋለሁ።»

ማማሰያውን አስቀመጠች። «ምን አልኸው?»

«ፉል እን...» ስል ክው አልሁ።

«አንተ ሰውዬ! ልጁን በቁሙ አረድኸው እኮ!» አለች።

ስልኩ ላይ ብደውል ተይዟል፤ ደግሜ ብደውል ተዘግቷል። ክፍል ወደ ተከራየበት ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ የቤቱ ባለቤት ዕቃውን ለጓደኛው ሊሰጥ ወጥቷል አለኝ። የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘሁም። ስመለስ ባለቤቴ አልተቆጣችኝም፣ ይህ ደግሞ ባሰኝ። ከጎኔ ተቀምጣ «አውቶቡሱ የሚወጣው ሲነጋ ነው። ከመውጣቱ በፊት ትደርስበታለህ» ስትለኝ ቆየች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ባጠገቤ አላለፈም።

ገና ሲነጋጋ ወጣሁ። ባለቤቴ ጋቢውን ከኋላዬ ሮጣ ጣል አደረገችብኝ። መናኸሪያው ስደርስ ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ!» እያለ ይጣራል። ከአውቶቡሱ ገብቼ ከፊት እስከ ኋላ እያንዳንዱን ፊት አየሁ። ትንንሽ ቦርሳ ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ ብዙ ወጣቶች አሉ። ሁለቱን ክፍል ውስጥ አስተምሬያቸዋለሁ፤ ሲያዩኝ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ምን ልበላቸው? ለእነሱ የምነግራቸው ደግ ወሬ አልነበረኝም። የእኔ በረኛ ግን የለም።

«አባት፣ ይሳፈራሉ ወይስ ይወርዳሉ?» አለኝ ረዳቱ።

«ልጅ ፈልጌ ነው። ረጅም ነው፣ እጁ ረጅም ነው።»

«አንድ ሚኒባስ ቀድሞ ወጥቷል። ምናልባት በሱ ሄዶ ይሆናል» አለኝ።

እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ የታየኝ የወንድሜ ጀርባ ነው። እሱን የሸኘሁት እኔ ነበርሁ፤ በዚሁ በር ነው የወጣው። ከእንግዲህ የአበርገሌዋ እናትም በር ሲንኳኳ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ሰበቡም አንዲት የፉል ቃል ናት ብዬ ለራሴ ተናገርሁ። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግሁትም። የምሄድበት ስላጣሁ እግሬ በለመደው ዳገት ወደ ፉል ቤቱ ወሰደኝ።

ልጁ እዚያ ነበር።

ጥጉ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። ቦርሳው እግሩ ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ፉል በላዩ ሳህን ተደፍቶበት ቀርቧል። ስገባ ብድግ አለ።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ? ምነው ዘገዩ?»

ትንፋሼ አልመለስ ብሎኝ «ስማኝ» ብዬ ስጀምር እጁን አነሣ። «አይሆንም። መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ይብሉ። ሳይበሉ አይነግሩኝም።»

«እሱ እኮ...»

«አይ ጋሼ፣ አይንገሩኝ። ሌሊት በሚኒባሱ ልሄድ ነበር። ከዚያ እርስዎ እዚህ መጥተው ሲያጡኝ ታዩኝና እግሬ እንቢ አለኝ። ሳልሰናበትዎት እንዴት እሄዳለሁ?» ከሳህኖቹ አንዱን ገለጠና ወደ እኔ ገፋው። «ልጆቹ ሁሉ ያወሩታል፤ የሚያበሉት እርስዎ፣ የማይበሉት እርስዎ። እኛስ መርዶ የምንሰማው አንድ ቀን ነው፤ እርስዎ ግን በየዓመቱ ነው። ለመሆኑ እርስዎን ማን አበላዎት? ዛሬ ጋባዡ እኔ ነኝ።»

በልቤ ያለውን ልናገር አፌን ብከፍት እንባ እንጂ ቃል የሚወጣ አልመሰለኝም። ዳቦ ቆርሼ በላሁ። እየበላሁ አለቀስሁ። ልጁ ወደ ግድግዳው እያየ ጠበቀኝ፤ እኔ ልጆቹን የምጠብቀው ልክ እንደዚያ ነው፣ ከእኔው ተምሮት ነው። የመጨረሻዋን ጉርሻ ስውጥ ዞረ።

«አሁን ይንገሩኝ። አልከፋም» አለኝ።

በኽምጥኛ ነገርሁት። ያልገባው መስሎኝ በአማርኛ ደገምሁለት፤ የክለቡን ስም፣ የአሠልጣኙን ቃል፣ ማደሪያውን፣ ሁሉን። ቦርሳውን አየ፣ እኔን አየ።

«ታዲያ ለዚህ ነው ፉል ያሉኝ?»

«ለዚህ ነው።»

«ጋሼ፣ ግን ጤና አለዎት?» አለና ሳቀ። ያ የማውቀው ሳቁ መጣ፤ ከዚያ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ያለቅስ ጀመር። ጋቢዬን አለበስሁት። እትዬ የጥጉን ለቅሶ ስትሰማ እንደ ልማዷ ውሃ ይዛ ደረሰችና ጀርባውን መታ መታ አድርጋ «አይዞህ ልጀ፣ ኑሮ ኳስ ብቻ...» ብላ ሳትጨርስ «እትዬ፣ ዛሬስ መርዶ አይደለም» አልኋት። ግራ ገብቷት ቆመች። ዓይኗ ባዶ ሳህኔ ላይ ወደቀ።

«ጉድ! ዛሬ በሉ? እንዴት ነው ታዲያ?»

«ጨው ያንሰዋል» አልኋት።

«እንዴ! ይህን ሁሉ ዘመን ተመላልሰው ዛሬ ነው የሚነግሩኝ?» ብላ ጨው ልታመጣ ሄደች።

ልጁ ቀና ብሎ ፊቱን በጋቢዬ ጠረገና ስልኩን ከፈተ። «ለእናቴ ይንገሩልኝ። ትናንት ማታ ደውዬ ተሰናብቻታለሁ፤ ስልኩን ታቅፋ ነው ያደረችው የሚሆነው። እኔ ብነግራት አታምነኝም» አለኝ። ደወለና ሰጠኝ። ሳይጠራ ተነሣ። «አቤት» አለች። በጠዋት በር ሲንኳኳ የእናቴ ድምፅ የሚለወጠው እንደዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት መርዶ የሚነገርበትን ወግ ሳጠና ኖሬ፣ ያን ሰዓት ወጉን ሁሉ ረሳሁት። ስሜን አልነገርኋት፣ እንዴት አደሩ አላልኋት። «ልጅዎ አለ» አልኋት። «አልሄደም። ከአጠገቤ ነው።»

ከዚያ ቀስ ብላ «እህል ቀምሷል?» አለችኝ።

የእሱን ሳህን አየሁ። እንደተከደነ ነው።

«አሁን ይበላል» አልኋት።